ተጭኖ የቀረ ቁልፍ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ቴስተር» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስልም፤ እሷም ብትሆን በስሙ ስትጠራው የተሰማችው ስትቆጣ ብቻ ነው። ቅጽሉን የሰጡት የሱቅ ጎረቤቶቹ ናቸው። ጠዋት ሸሚዙን እንደለበሰ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ያቺን ቢጫ ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦዋን እንደጠመጠመች፣ የደረት ኪሱ ውስጥ መክተት ነው። ሠርግ ቤትም ይዟት ይሄዳል እያሉ ያሙታል። ሐሜት ብቻ አይደለም፤ የልጁ ሠርግ ላይ ድምፅ ማጉያው ሲቋረጥ ከሱፍ ኮቱ ውስጥ መዝዞ ያወጣት እሷኑ ነበር። ሙሽራዋ ልጁ በሳቅ ፈረሰች፣ ሚስቱ ግን በሻሽዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሥራው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ኦቨንና የልብስ ማጠቢያ መጠገን ነው። ጎበዝ ነው፤ የሚጠራጠር ካለ ሌላው ሠራተኛ «ጣሉት» ያለውን ዕቃ ተሸክሞ ይምጣ። ጉልበቱ ደከም፣ ዓይኑ መነጽር ለመድ አደረገ እንጂ እጁ እንደ ድሮው ነው።

አንድ ነገር ግን አይወድም፤ የዕቃውን ባለቤት መውቀስ አይወድም። ወጣት ሳለ አንዲት ሴትዮ ቤት የልብስ ማጠቢያ ሊሠራ ገብቶ፣ ገና ክዳኑን ሳይፈታ፣ «ልጆችሽ ነካክተውት ነው» ብሎ አፉ እንዳመጣለት ተናገረ። ልጆቹ ዓይኑ እያየ ተገረፉ። ከዚያ የኋላውን ክዳን ሲፈታ ሽቦውን የበላችው አይጥ መሆኗ ታወቀ። የልጆቹ ለቅሶ ዕድሜ ልኩን ከጆሮው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ «ምንም አላደረግኩትም፣ በራሱ ነው የቆመው» ካለው አምኖ ይቀበላል። ጥፋቱን ሽቦ ውስጥ፣ ቦርድ ውስጥ፣ ብሎን ሥር ይፈልጋል እንጂ የሰው እጅ ላይ አይፈልግም። ደንበኞቹ የሚወዱትም ለዚህ ነው። መልካም ጠባይ ነው፤ መልካም ጠባይ አንድ ቀን ጉድ ይሠራኛል ብሎ የሚያስብ ደግሞ የለም።

የዚህ ታሪክ ኦቨን የራሱ ቤት ኦቨን ነው። ሚስቱ ኬክ ትጋግራለች። ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ ሰዉ በሯን ያንኳኳል፤ በዚያ ሰፈር ሻማ እፍ ብሎ ያደገ ልጅ ሁሉ የእሷን ኬክ ቀምሷል። ወጥ ቤቷ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ሲሠራ ሌላው በሩ ላይ መቆም አለበት። ከመስኮቱ ሥር ኦቨኑ፣ ከጎኑ የዱቄት መያዣው፣ ግድግዳው ላይ በመጠን በመጠናቸው የተሰቀሉ የኬክ መጋገሪያ ቅርጾች አሉ። የቅርጾቹ ቦታ አይለዋወጥም፤ ዓይኗን ጨፍና ታነሳቸዋለች።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ና እስቲ ባለሙያው። ያቺ ዕቃህ ዛሬ አኮረፈችኝ» አለችው።

የኦቨኑ ስክሪን ላይ «ኤፍ ሰባት» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅም አለው። ኤፍ ሰባት ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቷል ማለት ነው። ቦርዱ፣ ማለትም ኦቨኑን የሚያዘው ክፍል፣ ጣት ቁልፉን ነክቶ ቶሎ እንዲለቅ ይጠብቃል። ጣቱ ሳይነሳ ከቆየ፣ ወይም ቁልፉ ውስጥ ለውስጥ ተጣብቆ ከቀረ፣ «እዚህ ቤት ደህና አይደለም» ብሎ ማሞቂያውን ያጠፋና ይጮኻል። እሳት እንዳይነሳ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው።

«ቁልፉን ተጭነሽ አቆይተሽ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቃት፤ ማንንም ደንበኛ እንደሚጠይቀው።

«እኔ? ነካ አድርጌ ነው የለቀቅኩት። ምን ሥራ ፈትቼ ነው ቁልፍ ይዤ የምገተረው?»

ተሳሳቁ። እሱም አመናት።

የቁልፎቹን ሰሌዳ ፈትቶ በአልኮል ጠረገው፤ በጣት የተላለፈ ቅባትና ዱቄት ነበረበት። ይሄ ነው ብሎ ደስ አለው። ኦቨኑ ደህና ሰነበተ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ግን እንደገና በሩ ላይ ጠበቀችው፤ እንደገና ኤፍ ሰባት። ሰሌዳውን አውጥቶ በአዲስ ቀየረው። እሱም ለጥቂት ቀን ነው። ከዚያ ከሰሌዳው ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ሽቦ ቀየረ። ቀጥሎ የግድግዳውን ሶኬት ፈታ፤ የሚገባውን ኃይል ለካ፤ ከማብሰያው የሚነሳው እንፋሎት ወደ ቦርዱ እንዳይገባ በቆርቆሮ ጋረደ። በመጨረሻ ቦርዱን ራሱን ቀየረ። ኦቨኑ በሩና መስታወቱ ብቻ ሲቀሩ እንደ አዲስ ተሠራ ማለት ይቻላል። ኮዱ ግን መጣ።

እሱን ያበገነው ሌላ ነገር ነው። እሱ ቤት ሲሆን ኮዱ አይመጣም። ሥራ ቀርቶበት ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስቦ፣ ሻይ ይዞ፣ ኦቨኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይውላል። እሷም ከጎኑ እያወራች ትጋግራለች፤ ኦቨኗ አማቶቿ እንደሚያዩአት ሙሽራ ጨዋ ሆና ትውላለች። በማግስቱ ሥራ ሄዶ ሲመለስ ኤፍ ሰባት።

«ሰው ስታይ ታፍራለች» ትለዋለች ሚስቱ እየሳቀች። ሳቋ ድሮ ከሚያውቀው ሳቅ ትንሽ ያጥር ነበር፤ እሱ ግን ያኔ ልብ አላለውም።

ከሱቁ አጠገብ ጫማ የሚሰፋ ወዳጅ አለው፤ አፉ እንደ መርፌው የሚወጋ ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ጮቤ ረገጠ።

«ጋሽ ቴስተር፣ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ ስልኩን ልስጥህ?»

«ሂድ ወዲያ!»

«እውነቴን ነው። ሚስትህ ታሳዝነኛለች። ባል እያላት ኦቨን አጥታ!»

ሳቀ ቴስተርም፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። የራሱ ቤት ዕቃ ሲያቅተው ሙያው የተናቀ መሰለው። እንዲህ ያለ ቂል ኩራት አለበት፤ ያን ሰሞን ሌላ የሚያሳስብ ነገር መኖሩን እንዳያይ የጋረደውም በከፊል ይኸው ኩራቱ ነው።

ያን ሰሞን ሚስቱ ትረሳ ነበር። መርሳት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማን አይረሳም? ቁልፏን በር ላይ ሰክታ ትሄዳለች። ስኳሩን ሁለቴ ትጨምራለች፤ ወይም ጨርሶ አትጨምርም። አንድ ጥያቄ ጠይቃው፣ መልሱን ሰምታ፣ ጥቂት ቆይታ ያንኑ ትጠይቀዋለች። «ኧረ ሞት ይርሳኝ!» ትላለች ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታ አድርጋ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ይህን ቃል ድሮም ትወደዋለች። አሁን አሁን ግን ከቀን ወደ ቀን በዛ።

ልጃቸው ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ ፀጉር ቤት አላት። አንድ ቀን ሱቁን ዘግታ ወደ አባቷ ሱቅ መጣች። የራሷን ፀጉር ሳታበጥር ነው የመጣችው፤ ያን ሲያይ ነገር እንዳለ ገባው።

«አባዬ፣ እማዬን ሐኪም እናሳያት» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ሆና?»

«ትናንት ሱቄ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ 'የልጄ ፀጉር ቤት የቱ ጋ ነው?' ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሳቀች። ቀልድ አስመሰለችው። አባዬ፣ ቀልድ አልነበረም። ፊቷን አይቻለሁ።»

«እናትሽ መቀለድ ትወዳለች።»

«ጎረቤቶቹ የልጃቸውን የልደት ኬክ ጨው ጨው ይላል ብለው መለሱት፤ እሱስ ቀልድ ነው? ኦቨኑስ? በየሳምንቱ የሚበላሽ ኦቨን የት አለ?»

እዚህ ላይ ደሙ ፈላ። ልጁን በልጅነቷም ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ብሎኖቹ ወለል ላይ ተበታተኑ።

«ኦቨኑ ነው! ሰማሽ? እናትሽ ጤነኛ ናት። ኦቨኑ ነው የታመመው፤ እሱን ደግሞ እኔ አገኘዋለሁ። ሰውን ሳይመረምሩ በሽተኛ ማለት ነውር ነው!»

ልጅቷ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ለቅማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና እያለቀሰች ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቤት ብቅ አላለችም፤ ለእናቷ ብቻ ትደውላለች።

እሷ ስትወጣ ቁጭ አለ። ከመደርደሪያው ላይ ከኦቨኑ የፈታቸውን አሮጌ ዕቃዎች አወረደ፤ ቦርዱን፣ የቁልፎቹን ሰሌዳ፣ ጠፍጣፋውን ሽቦ። አንድ ላይ አገጣጠማቸው፤ በማሞቂያው ፈንታ አምፖል ሰካላቸው፤ ኃይል ሰጣቸው። ቀኑን ሙሉ አበራ፣ አጠፋ። ቁልፎቹን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ አደረገ። በፀጉር ማድረቂያ አሞቃቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዛቸው። አምፖሉ በታዘዘ ጊዜ በራ፣ በታዘዘ ጊዜ ጠፋ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም።

ሰሌዳው ደህና ነው። ሽቦው ደህና ነው። ቦርዱም ደህና ነው። ደህናውን ዕቃ ነው ፈትቶ የቀየረው። እንግዲያው ኦቨኑ ጤነኛ ከሆነ የታመመው ማን ነው? ጥያቄው ራሱ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ቴስተር ቶሎ ብሎ አምፖሉን ነቀለና መደርደሪያውን ማስተካከል ጀመረ። ፈራ። በሙያው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፤ ኤሌክትሪክ ወርውሮት መሬት ላይ የወደቀ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራም። ያን ዕለት ማታ ቤት ሲገባ «አገኘኸው?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ገና ነኝ፤ ግን የኦቨኑ ነገር ነው» አላት። እሷም ፊቷ በራ።

የልጅ ልጃቸው ልደት ደረሰ። ሚስቱ ከዋዜማው ጀምሮ ሽር ጉድ ትላለች፤ ኬኩን ማታ ልጃቸው ቤት ሊያደርሱት ነው። ልጅቷ ከአባቷ ብትኳረፍም ለእናቷ ኬክ ማን እምቢ ይላል? ቴስተርም በሆዱ ይሄን ቀን ለእርቅ ሲጠብቀው ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ ምድጃዬ ፊውዝ እየጣለ ነው ብላ ስለ ጠራችው የዕቃ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። መንገዱን ካጋመሰ በኋላ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ባዶ ነው። ያቺ ቢጫ ቴስተር የለችም። ጠዋት ሸሚዝ ሲቀይር የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ትቷታል።

በራሱ እየሳቀ ተመለሰ። የጓሮው በር ይቀርበው ስለ ነበር በዚያ በኩል ገባ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ኦቨኑ ፊት ቆማለች። በግራ እጇ የኬኩን ቅርጽ ከነሊጡ ይዛለች። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት የማስጀመሪያው ቁልፍ ላይ ነው።

«ሆዴ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ግን አንድ ነገር ያዘው። ጣቷ አልተነሳም። ዓይኗ ከኦቨኑ በላይ ግድግዳው ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም። ሰውነቷ ሁሉ ቆሟል። ሊጡ ቀስ እያለ ወደ ቅርጹ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ጠርዙ ላይ ደረሰ፤ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ጫማዋ ላይ ሲንጠባጠብም አላወቀችም። ቴስተር ያቺ ቦርድ ከመጮኋ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ አጭር ነው ብሎ ለስንቱ ደንበኛ አስረድቷል። አጭር አይደለም። ሚስቱን እንዲህ ሆና ለሚያይ ሰው አያልቅም።

ጢጥ ጢጥ አለች ኦቨኗ። ኤፍ ሰባት።

ሚስቱ ያን ጊዜም ወዲያው አልነቃችም። ቆይታ ደንገጥ አለች፤ ጣቷን እሳት እንደነካው ሰብሰብ አደረገች። ወለሉን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ቅርጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሽርጧን ጫፍ አንስታ ቁልፉን ጠረገችው፤ አሻራዋን የምታጠፋ ይመስል ደጋግማ ጠረገችው። ከዚያ ወደ ኦቨኗ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ እንዲህ አለቻት፦

«ዛሬም አሳበቅሽብኝ? እባክሽ ለሱ አትንገሪው። ያንቺን ጥፋት ይፈልግ። የኔ ከሚገኝ ያንቺ ቢገኝ ይሻላል።»

ቴስተር በመጣበት እግሩ ወደ ኋላ ወጣ። ጓሮው ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና አፉን በክንዱ አፍኖ አለቀሰ። ለሷ አለቀሰ፤ ለብቻዋ ስንት ቀን እዚያች ኦቨን ፊት ተደብቃ እንደኖረች አስቦ አለቀሰ። ሲዞር ሲዞር የከረመው የገዛ ሚስቱን ጣት ላለማየት እንደነበረ አሁን ገባው። ሰው ላለመውቀስ ብሎ ሰውን ሳያይ ቀረ።

ፊቱን ከቧንቧው ታጠበ። የጓሮውን በር ከፍቶ፣ እንዲሰማ አድርጎ ዘጋውና ጮክ ብሎ እየተናገረ ገባ።

«ሞት ይርሳኝ፤ ቴስተሬን ረስቼ!»

«አንተንም ጀመረህ?» አለችው። ወለሉን ጠርጋ ጨርሳ ነበር። ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ፤ እጇ ግን ሽርጧን ይጨምቃል። «በል ና፣ ያ ነገርህ ደግሞ መጥቷል። ሊጤ ሊሞትብኝ ነው።»

ካቻቪቴውን አውጥቶ ኦቨኑ ፊት ተንበረከከና የሰሌዳውን ብሎኖች ፈታ። ሰሌዳው ተነሳ፤ ሽቦዎቹ ታዩ። ከዚያ ወዲያ እጁ አልሄደም። ከጀርባው ቆማ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ቦርዱ ነው?» አለችው።

«ቦርዱ ደህና ነው።»

«ሰሌዳው ነዋ።»

«ሰሌዳውም ደህና ነው።»

«የግድግዳው ሶኬት…»

«እሱም ደህና ነው፣ ሆዴ።»

ኦቨኗ ትጮኻለች። እጁን ልኮ ድምፁን አጠፋው።

«አየኸኝ» አለች።

«አየሁሽ።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እሱ ካለበት ሳይነሳ ዞረና እጇን ያዘ፤ ጣቷ ላይ የደረቀ ሊጥ ነበረ።

«ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፋለሁ» አለች ቀስ ብላ፤ «ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ባዶ ነው። ስመለስ እሷ ስትጮህ አገኛታለሁ። አንዳንድ ጊዜ ለምን እንደቆምኩም አላውቀውም፤ ሊጡን አይቼ ነው ኬክ ልጋግር እንደነበር የማውቀው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ነበር። አንተ ግን ገና ሳልናገር ኦቨኑ ነው አልክ። ደስ አለኝ። በመጣህ ቁጥር አንዱን ዕቃ ፈተህ ስትቀይር፣ ምናልባት እውነት ኦቨኑ ቢሆንስ እላለሁ። አንተን አምንሃለሁ እኮ። አንተ ኦቨኑ ነው ካልክ ማን ነኝ እኔ?»

«ልጃችንን በዚህ ነገር አስለቀስኳት» አለ።

«አውቃለሁ። ነግራኛለች። እኔም 'አባትሽ ልክ ነው' ብዬ ተቆጣኋት።» እንባዋ አሁን ወረደ። «አፈር ልብላ፣ የገዛ ልጄን ዋሸኋት። ፈራሁ። ኬክ መጋገር ካስተዋችሁኝ ምን እሆናለሁ? ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ?»

እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ይጠገናል?» አለችው ዓይኑን እያየች።

ይህን ጥያቄ ስንት ደንበኛ ጠይቆታል። ሳይለካ ይድናል ብሎ አያውቅም፤ ሳይለካም አይድንም አይልም። እጁ ልምድ ሆኖበት ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ ኪሱ ባዶ ነው።

«አላውቅም፣ ሆዴ» አላት። «ይሄን እኔ አላውቀውም። ነገ ከልጃችን ጋር የሚያውቅ ሰው ዘንድ ይዘንሽ እንሄዳለን። እኔ ካጠገብሽ ንቅንቅ አልልም።»

እሷ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅርጽ አየች።

«ሊጡ እየሞተ ነው» አለች። «ሕፃኗ ያለ ኬክ ሻማ ልታጠፋ ነው?»

ሰሌዳውን መልሶ ገጠመ፤ ብሎኖቹን አጠበቀ። ቅርጹን አንስቶ ኦቨኑ ውስጥ ከተተ።

«ንገሪኝ፤ እኔ ልጫን» አላት።

«መቶ ሰባ» አለች ሳታመነታ። «ከላይም ከታችም። አሁን ማስጀመሪያውን። ነካ አድርግና ልቀቅ። ልቀቅ እንጂ!»

ቶሎ ለቀቀ። የኦቨኗ መብራት በራ። ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ፤ እሱ እየሳቀ ዓይኑን በእጁ መዳፍ ጠረገ።

ደንበኛዋን ስልክ ደውሎ ይቅርታ ጠየቃት። ሚስቱ ወንበሩ ላይ እንዳለች፣ የኬኩ ሽታ ቤቱን ሲሞላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። አላስነሳትም። ከእግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ ውስጥ ኬኩ ሲነሳ አየ። ይህን ሁሉ ዓመት ኦቨን ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ኬክ ሲነሳ ቁጭ ብሎ ያየው ገና ዛሬ ነው። የኦቨኑ ሰዓት ደወል ሲሰማ ነቃች። መጀመሪያ የበራውን ኦቨን አየች፤ ከዚያ እሱን፤ ከዚያ እንደገና ኦቨኑን። ፊቷ ፈካ።

«ውይ! ተሠራች እንዴ?»

ፊቷን አጥንቶ አየው። ያ ሁሉ የተነጋገሩት ነገር አንዱም ፊቷ ላይ የለም። አላስመሰለችም፤ ስታስመስል ያውቃታል።

«ተሠራች» አለ።

«ምን ሆና ኖሯል?»

ለዕቃ ባለቤት እያወቀ ዋሽቶ አያውቅም ነበር። «ብሎን ላልቶባት ነው» አላት። «አጠበቅኩት።»

«እኔ ምን አልኩ! አንተ የነካኸው ዕቃ መች አልድን ብሎ ያውቃል?» ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ጓንቷን አጠለቀች፤ ኬኩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንድም ፍርፋሪ ሳትጥል። «አሁኑኑ ለልጃችን ደውልላት። ኦቨኑ ነው ስትላት አላመነችህም ነበር፤ ትስማ።»

ስልኩን ይዞ ወደ ሳሎን ወጣ። ጠራ፤ ልጁ አነሳች።

«ልጄ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኦቨኑ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። አንቺ ነሽ ልክ። ማታ ኬኩን እናመጣለን፤ ነገ ጠዋት እናትሽን ይዘን እንሄዳለን።»

በስልኩ ውስጥ ልጁ ስታለቅስ ሰማት። ከወጥ ቤት የሚስቱ ድምፅ መጣ፤ ደስ ያለው፣ የጥንቱ ድምፅዋ።

«ነገርካት? ተሠራች አልካት?»

«ነገርኳት፣ ሆዴ» አለ።